ሩር ግንባሩን የመታው ልጅ መቼ ነው ሜዳ የሚመለሰው?

ጣና_ዳር፣ ጥር 1

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታገሡኝ።

ከትናንት ወዲያ፣ የገና ዕለት፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ ላይ የሰፈራችን ልጆች ገና ሲጫወቱ የእህቴ ልጅ ተመታ። 14 ዓመቱ ነው። ሩሯ ከአንዱ ዱላ ተስፈንጥራ ከቅንድቡ በላይ አገኘችው። ዛፍ ሥር ተቀምጬ እያየሁ ነበር። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደም በአፍንጫው ጎን ወረደ። አንዲት እናት ሮጣ የቡና ዱቄት አምጥታ ነሰነሰችበት፤ በነጠላ ጫፍ አሰሩለት፤ ፊቱ ላይ ውሃ ተረጨ። «ጎበዝ! ተነሥ!» ተባለ። ተነሥቶ ተጫወተ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ።

ማታ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ከጾም በኋላ የበላው ዶሮ ወጥ ነው የረበሸው ብለን ነበር። በኋላ ግን አምፖሉን አጥፉልኝ አለ። ታናሽ እህቱን በሌላ ስም ጠራት። ያኔ ባጃጅ ጠርተን ወደ ሐኪም ወሰድነው። ተመስገን፣ አጥንቱ ደህና ነው። ሐኪሙ ግን ጭንቅላቱ ተናውጧል፣ ዕረፍት ያስፈልገዋል አለን።

እኔን የሚቆረቁረኝ ይሄ ነው። ስለ አደጋ መከላከያ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው አይስ ሆኪ፣ በረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ሳይ። የጀመርኩት በኮሮና ጊዜ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያኔ ሥራ ቆሞ ቤት ተቀምጬ ነበር። ኳስም የለም። የሰሜን አሜሪካው ሊግ ኤንኤችኤል መጋቢት ላይ ተቋርጦ ኦገስት 1 ቀን 2020 ተመለሰ። የመጀመሪያው ጨዋታ በኛ አቆጣጠር ልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። 24 ቡድኖችን ቶሮንቶና ኤድመንተን አስገብተው ዘጉባቸው፤ ከሆቴል ሜዳ፣ ከሜዳ ሆቴል። ከ33 ሺህ በላይ ምርመራ ተደርጎ ከዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ሰው ቫይረሱ አልተገኘበትም። ተመልካች ስላልነበረ ዱላው ፓኩን (እንደ ሩር የሚመቱትን ጎማ) ሲመታ፣ የጫማው ስለት በረዶውን ሲፍቀው ይሰማል። ስልኬን ጆሮዬ አጠገብ አድርጌ «ይሄማ ገና ነው!» አልኩ። የታጠፈ ዱላ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ትንሽ ነገር፣ ሁለት ወገን። ልዩነቱ በረዶውና የለበሱት ልብስ ነው።

በዚያው ወር ታምፓ ቤይና ኮሎምበስ አምስት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተጫወቱ። በኛ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ጀምሮ ሲያልቅ ሌሊት 10 ሰዓት አልፎ ነበር። የኮሎምበሱ በረኛ ኮርፒሳሎ 85 ኳስ አዳነ። 85 ጊዜ! ፓክ ማለት እኮ 170 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከጨዋታ በፊት በበረዶ የሚደርቅ ጎማ ነው። ከጠንካራ መቺ ዱላ ሲወጣ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ያ ሰውዬ ግን በእግሩ ሄዶ ወጣ፤ መከላከያ ለብሷላ።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ የእህቴን ልጅ በባዶ ግንባሩ አሰለፍኩት። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለሰፈራችን ልጆች ምን ዓይነት መከላከያ መሥራት ይቻላል? ሁለተኛው ደግሞ፣ ጥር 12 የመልስ ጨዋታ አለ። ልጁ «እጫወታለሁ» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ምን ልበለው?


ቀዩ_ባጃጅ፣ ጥር 1

ወንድሜ እግዚአብሔር ይማርልህ። አታጨናንቀው፣ ልጅ ቶሎ ይድናል።

ስለ መከላከያ ስታነሣ የእግር ኳስ በረኛው ፒተር ቼክ ትዝ አለኝ። እኔ የቼልሲ ደጋፊ ነኝ። ኦክቶበር 2006 ከሬዲንግ ጋር ሲጫወቱ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፤ ጃንዋሪ 2007 ያንን ጥቁር የራስ መከላከያ አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ ኳስ እስኪያቆም አላወለቀውም። ካቆመ በኋላ ደግሞ የት ሄደ? አይስ ሆኪ! 2019 ላይ እንግሊዝ ውስጥ ለጊልፎርድ ፊኒክስ በረኛ ሆኖ ገባና በመጀመሪያ ጨዋታው ፍፁም ቅጣት ምት አድኖ አሸነፉ። ማስኩ ላይ የቼልሲም የአርሴናልም አርማ ተሥሎበት ነበር።

ስለ ጥር 12 ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። በዚያው በ2020 የታምፓው አምበል ስታምኮስ ወራት ሙሉ ተጎድቶ ከርሞ በፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ ገባ። የተጫወተው 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ብቻ ነው። ጎል አገባ! ልጁንም ለሁለት ደቂቃ አስገብታችሁ አስወጡት፤ ደስ ይበለው።


የድሮ_ሩር_መቺ፣ ጥር 2

ልጄ፣ ምሕረቱን ያውርድለት። እኔ ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል። ገና የተጫወትነው በባዶ እግራችን ነው። አገዳዬን ብታየው የማሳ ድንበር ይመስላል። ግን ማንም ሄልሜት አላለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው ለዚህ ነው። ጌታውም ሎሌውም እኩል ይመታል፣ እኩል ይስቃል። ልጆቹን ጥጥ ውስጥ ጠቅልላችሁ ካወጣችኋቸው ጨዋታው ሌላ ይሆናል። ፈረንጅ ያለው ሁሉ ለኛ ይስማማል ማለት አይደለም።


ነርስ_ነኝ፣ ጥር 2

ጣና_ዳር፣ እግዜር ይማርልህ። እዚሁ ባሕር ዳር ነው የምሠራው፤ በየዓመቱ ገናና ጥምቀት ላይ እንዲህ ያሉ ልጆች ይመጡልናል። ልጁን ስላላየሁት ያየው ሐኪም የሚለው ይቀድማል። ግን ጠቅላላውን ልንገርህ።

ቀዩ_ባጃጅ ወንድሜ፣ ስታምኮስ የተጎዳው ጡንቻው ነው። ጡንቻ ሲያምህ ራሱ ይነግርሃል። አንጎል እንደዚያ አይደለም። «ደህና ነኝ» የሚለው አፍ ትእዛዝ የሚቀበለው ከዚያው ከተጎዳው አንጎል ነው።

ወተት የሚናጥበትን ቅል አስቡት። ቅሉ ሳይሰነጠቅ ውስጡ ይናጣል። ቅሉን በወፍራም ቆዳ ብትለብጡት አይሰበርም፤ ወተቱ ግን ይናጣል። ሄልሜትም እንዲሁ ነው። የራስ ቅል እንዳይሰበር ይከላከላል፤ መናወጥን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

አሁን በዓለም የሚሠራበት አመላለስ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ 24 እስከ 48 ሰዓት ረጋ ማለት፤ ስልክና ቴሌቪዥን መቀነስ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንት መዝጋት ግን አይመከርም። ከዚያ ቀላል የእግር ጉዞ። ከዚያ ትንሽ ላብ የሚያወጣ ነገር። ከዚያ ብቻውን ሩር መምታት፣ ከሰው ሳይጋጭ። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር፣ አሁንም ያለ ግጭት፣ መለማመድ። ከዚያ ሐኪም ሲፈቅድ ሙሉ ልምምድ። ጨዋታ መጨረሻ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ምልክቱ ከተባባሰበት ወደ ኋላ ይመለሳል። ተማሪ ከሆነ ደግሞ ክፍል ገብቶ በደንብ መማር ሳይችል ሜዳ አይገባም።

ራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም አልነቃ ካለ፣ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። የቡና ዱቄቱ ነገርም ይቅር። ንጹሕ ጨርቅ ጫን ማድረግ ይበቃል። ቁስሉን ለመስፋት ዱቄቱን ስናጥብ የምናሳልፈውን ጊዜ ብታዩት።


ጣና_ዳር፣ ጥር 2

እህቴ፣ ቃል የለኝም። ለእናቱ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን የሆኪ ሰዎችም በፊት እንደ እርስዎ ነበር የሚሉት። የሞንትሪያሉ በረኛ ዣክ ፕላንት ልምምድ ላይ ማስክ ያደርግ ነበር፤ አሠልጣኙ ግን በጨዋታ አይፈቅድለትም። ኖቬምበር 1 ቀን 1959 ኒውዮርክ ላይ ፓክ ፊቱን ሰነጠቀው። ያኔ ተጠባባቂ በረኛ የሚባል ነገር የለም። ጨዋታው ቆሞ ፊቱ ተሰፋ። ፕላንት «ያለ ማስክ አልመለስም» አለ። አሠልጣኙ ሌላ ምን አማራጭ አለው? ማስኩን አድርጎ ተመለሰ፤ አሸነፉም።

ሄልሜት ደግሞ ከዚያም የዘገየ ነው። ቢል ማስተርተን የሚባል ተጫዋች ጃንዋሪ 1968 ጭንቅላቱ በረዶው ላይ አርፎ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ሊጉ ሄልሜትን ለአዲስ ገቢዎች ግዴታ ያደረገው 1979 ላይ ነው። 11 ዓመት! ነባሮቹ ባዶ ራሳቸውን መቀጠል ይችሉ ስለነበር የመጨረሻው ባለ ባዶ ራስ፣ ክሬግ ማክታቪሽ፣ 1997 ላይ ነው ያቆመው። ይህን የማነሣው የኛም ነገር አንድ ልጅ እስኪሞት እንዳይጠብቅ ብዬ ነው።


ካልጋሪ_ያለሁ፣ ጥር 3

የባሕር ዳር ልጆች ሰላም ናችሁ? እኔ ቀበሌያችን ውስጥ ገና ስጫወት አድጌ አሁን ካልጋሪ ነው የምኖረው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ሆኪ ይጫወታል። ቅዳሜ ጠዋት የማለብሰው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በደንብ አውቀዋለሁ።

ከታች ወደ ላይ ነው የሚለበሰው። መጀመሪያ የብልት መከላከያ፣ ቀጥሎ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የአገዳ መከላከያ፣ ካልሲ፣ ዳሌና ጭን የሚሸፍን ወፍራም ቁምጣ፣ ስኬት ጫማ፣ የትከሻና ደረት፣ የክርን፣ የአንገት፣ ማሊያ፣ ሄልሜት ከነሽቦ ፊቱ፣ ጓንት መጨረሻ። ጓንት ካስቀደምክ ምንም ማሰር አትችልም። ብዙውን ያገለገለ እገዛለሁ፤ ልጅ ያድጋል፣ በየዓመቱ አዲስ አይቻልም። ሄልሜት ግን ምን እንደደረሰበት ካላወቅኩ አልገዛም። ልኩን የማየው ከቅንድቡ በላይ አንድ ጣት በማሳረፍ ነው። ከዚያ ራሱን ሲነቀንቅ ሄልሜቱ ብቻውን መዞር የለበትም። የአገጭ ማሰሪያው ካልታሰረ ሄልሜት አላደረገም ማለት ነው። አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር ሞተረኞች ሄልሜቱን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ሲነዱ ሳይ ያመኛል።

የአንገቱን ነገር ልንገራችሁ። ኦክቶበር 28 ቀን 2023 አዳም ጆንሰን የሚባል የኖቲንግሃም ተጫዋች ሼፊልድ ላይ አንገቱን በስኬት ስለት ተቆርጦ ሞተ። 29 ዓመቱ ነበር። ያን ሳምንት እዚህ ሱቆች ውስጥ የአንገት መከላከያ አልቆ ነበር። ቡድኑ ወደ ሜዳ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእሱ መታሰቢያ በተደረገ ጨዋታ ነው። 47 ቁጥሩን ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የአንገት መከላከያን በሁሉም ደረጃ ግዴታ አደረገው። ኤንኤችኤል ደግሞ ከ2026-27 ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች ብሏል። እንግዲህ ያው የሄልሜቱ መንገድ ነው፤ አዲስ ገቢ ብቻ።

ግን ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ስሙኝ። 2010 ላይ የወጣ ጥናት የኛን ክፍለ ሀገር አልበርታን ከሌላው የካናዳ ክፍለ ሀገር ከኩቤክ ጋር አወዳደረ። ልጆቹ 11 እና 12 ዓመታቸው ነው። ሄልሜቱ ያው፣ ትከሻው ያው። ልዩነቱ አልበርታ ውስጥ በሰውነት መጋጨት ይፈቀድ ነበር፤ ኩቤክ ይከለከል ነበር። የአልበርታ ልጆች ላይ የጭንቅላት መናወጥ ከ3 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። 2013 ላይ በመላው ካናዳ ለዚያ ዕድሜ ግጭት ቀረ። ልጄ ዛሬ የሚጫወተው በዚያ ሕግ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ልብስ ከመስፋትህ በፊት ሕጉን አውጣ። በሆኪ ዱላህን ከትከሻ በላይ አንሥተህ ሰው ፊት ከነካህ 2 ደቂቃ ትወጣለህ፤ ካቆሰልከው 4 ደቂቃ። ቡድንህ በጎደሎ ይጫወታል። በኛ ገና ግን ዱላ ከራስ በላይ ሲነሣ እልል ይባላል።


ስኬት_በአስፋልት፣ ጥር 3

እኔ ሐይቁ ዳር አስፋልት ላይ ስኬት ከሚነዱት አንዷ ነኝ። አምና ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ነበር። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ ተፈጥሮ ነው። አሁን ያለ አንጓ መከላከያ አልወጣም። ጓደኞቼ ፈራሽ ይሉኛል፤ ይበሉ። ጣና_ዳር፣ የሴቶች ልክም ሥራ። የሴቶችን ሆኪ በኦሎምፒክ አይታችሁ ከሆነ ሁሉም ፊታቸው ሙሉ በሽቦ የተሸፈነ ነው። ያን የሚያህል ጨዋታ ተጫውተው ጥርሳቸው ሙሉ ነው። እኛም ገና መጫወት እንፈልጋለን።


ጣና_ዳር፣ ጥር 6

አንዱን ሠራሁ። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ጎኑን ቆረጥኩ። ማዕዘኑ ራሱ የአገዳ ቅርጽ አለው። የፈላ ውሃ ውስጥ አቆይቼ ጠርሙስ ላይ ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩት። ሲቀዘቅዝ እንደታጠፈ ቀረ። የተቆረጠው ጫፍ እንደ ምላጭ ስለሚሆን በሻማ እሳት አለዝቤ በጨርቅ ጠመጠምኩት። ከውስጥ የፍራሽ ስፖንጅ በሁለት ድርብ፤ ማሰሪያው ሰፊ ላስቲክ ነው፣ ከጉልበት በታችና ከቁርጭምጭሚት በላይ። ራሴ አስሬ የጎረቤቴን ልጅ በገና ዱላ ምታኝ አልኩት። መታኝ። ግፊቱ ተሰማኝ እንጂ አጥንቴን አላገኘኝም። አንድ ጀሪካን አራት ያወጣል።

ሄልሜት ግን አልሠራም። ብዙ አሰብኩበት። የማይከላከል ነገር ራሱ ላይ ባስር ልጁ ተማምኖ ይበልጥ ይደፍራል። ያ ደግሞ ከባዶ ራስ የባሰ ነው።

የቀዩ_ባጃጅን ሐሳብ ልጁ ሰምቶ «ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለኝ። የሆኪ ተጫዋቹን የሲድኒ ክሮስቢን ታሪክ ነገርኩት። ጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጭንቅላቱን ተመታ፤ ሄልሜት አድርጓል። ከአራት ቀን በኋላ ሌላ ጨዋታ ገባና ደግመው መቱት። ከዚያ ወዲያ በጨዋታ የታየው ኖቬምበር 21 ነው። ያን ሌሊት 2 ጎል አገባ፣ 2 አመቻቸ። ሁሉም ዳነ አለ። 8 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ምልክቱ ተመለሰበት፤ እስከ ማርች 2012 ተቀመጠ። የዓለም አንደኛው ተጫዋች ነበር። ግን ቆየ፣ ዳነ፤ 2016 እና 2017 ዋንጫ አነሣ። ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ስንት ወር ማለት ነው?» አለ። በጣቱ ቆጠረ።


የድሮ_ሩር_መቺ፣ ጥር 7

የጻፋችሁትን ሁሉ የልጅ ልጄ አነበበልኝ። የካልጋሪው ልጅ ስለ ሕጉ ያለው ልቤ ገባ። አንድ የረሳሁት ነገር አስታወሰኝ። እኛ ትንንሾች ሳለን ከትልልቆቹ ጋር አያሰልፉንም ነበር። ለኛ የሚሰጡን ሩርም ከእንጨት አልነበረም፤ ከእርጥብ ጠፍር ተጠቅልሎ የደረቀ ነው። ይመታል፤ አይሰነጥቅም። የእንጨቱን የምንነካው ጢም ስናወጣ ነው። ይሄ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም፣ የኛው ነው። በኋላ የተወው ማን እንደሆነ እንጃ። ጠፍር ካገኘህልኝ ለጥር 12 ሦስት ሩር እጠቀልልልሃለሁ። ዱላ ከብብት በላይ ያነሣ ይውጣ የሚለውንም እኔ ዳኛ ሆኜ አስከብራለሁ። እኔን እምቢ የሚል የለም።


ካልጋሪ_ያለሁ፣ ጥር 7

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ! ይህን ለልጄ ነገርኩት። ጠፍሩን ሩር ፎቶ አንሡልኝ ብሏል።


ነርስ_ነኝ፣ ጥር 8

ጣና_ዳር፣ ልጁ እንዴት ነው? ክፍል ገባ?


ጣና_ዳር፣ ጥር 9

ገባ። የመጀመሪያው ቀን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሱን አመመውና መምህሩ ወደ ቤት ላከው። ትናንት ሙሉውን ቀን ተማረ። ዛሬ አመሻሹ ላይ ከኔ ጋር እስከ ሐይቁ ድረስ በእግሩ ሄዶ ተመለሰ።


ነርስ_ነኝ፣ ጥር 9

ጥሩ ነው። ነገም እንዲሁ ከሆነ ትንሽ ላብ ይሞክር። ጥር 12 ግን አይጫወትም። እኔ የምለው ነው ብለህ ንገረው፤ ቂሙን በኔ ይያዝ።


ጣና_ዳር፣ ጥር 13

ትናንት የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ ጨዋታው ተደረገ። ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው መሐል ሜዳ ቆሙ። ሁለት ልጆች ዱላ ከፍ አድርገው ወጡ፤ አንደኛው አለቀሰ፣ አልመለሱትም። የጀሪካኑን መከላከያ 16 ልጆች አሰሩ፣ አራቱ ሴቶች ናቸው። ስኬት_በአስፋልት አንድ አገባች። የጠፍሩ ሩር የአንዱን ልጅ ጉንጭ መታው፤ ቀላ፣ አላበጠም። ያም ቢሆን ጋሼ አስወጥተው ጥላ ሥር አስቀመጡትና ስሙን፣ ቀኑን፣ ስንት ለስንት እንደሆነ ጠየቁት።

የእህቴ ልጅ አልተጫወተም። ከመስመሩ ውጭ ሆኖ ላስቲክ የተፈታበትን ሲያስር ዋለ። ሁሉም ሲበተን ከግንቡ ጋር ብቻውን ሩር ሲመታ አየሁት። ሃያ ያህል መታ። ራስህን አመመህ? አልኩት። «ትንሽ» ብሎ ዱላውን ሰጠኝ። ሳልጠይቀው ማለት ነው፣ ራሱ ነው የሰጠኝ። ዛሬ ወደ እግር ጉዞው ተመልሰናል። ሐኪሙ ጋ ቀጠሮው ጥር 20 ነው።

ጀሪካን አልቆብኛል። አሮጌ ያላችሁ ሰዎች፣ የተሰነጠቀም ቢሆን እወስዳለሁ። ዘይት የነበረበት ይሻላል፤ ኬሚካል የነበረበትን አታምጡ።